ቁጥሩ እውነተኛ፣ ካርዱ ሐሰተኛ፦ ግሬድ የተደረገ ካርድ ከግለሰብ ስትገዙ እንዳትሸወዱ

የናቲ አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ተናድጄም አዝኜም ነው የምጽፈው፣ ቢረዝም ታገሡኝ።

የ13 ዓመት ልጄ ፖኪሞን ካርድ ይሰበስባል። ሁለት በጋ ሙሉ የጎረቤት ሣር እያጨደ፣ በገናና በልደቱ ዘመድ የሚሰጠውን እያስቀመጠ 600 ዶላር አጠራቀመ። የሚፈልገው አንድ ካርድ ብቻ ነበር። የ1999ኙ ቻሪዛርድ፣ «ቤዝ ሴት» ከሚሉት ከመጀመሪያው ስብስብ፣ ታች ጥግ ላይ 4/102 የሚል። እኔ 300 ጨመርኩለትና ፒኤስኤ (የካርዱን እውነተኛነትና ይዞታ መርምሮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ፣ ማለትም «ግሬድ» የሚሰጥ ድርጅት ነው) 8 የሰጠውን በ900 ዶላር ከአንድ ግለሰብ ገዛን። ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ።

ሻጩን ያገኘነው ፌስቡክ ላይ ካለ የካርድ ግሩፕ ነው። ስሙ የአበሻ ስም ነው፣ ፎቶውም ከልጆቹ ጋር የተነሳው። ሰላም ስለው በአማርኛ መለሰልኝ። «ለአበሻ ልጅ ስለሆነ ነው የምቀንሰው ወንድሜ» አለኝ። ሌሎቹ ከሚጠይቁት በ200 ዶላር ይቀንስ ነበር። እኔም ዝም ብዬ አልገዛሁም፤ ስላቡ (ካርዱ የታሸገበት ጠንካራ ፕላስቲክ) ላይ ያለውን ሰርት ቁጥር (ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ካርድ የሚሰጠውን የመለያ ቁጥር) ፒኤስኤ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁት። ቻሪዛርድ፣ 1999፣ ግሬድ 8 ብሎ አመጣልኝ። በቃ አልኩ። ገንዘቡን በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ) ላክሁለት።

ዕቃው በአራተኛው ቀን በፖስታ መጣ። ናቲ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መብራቱ ስር ሲያገላብጥ ቆየ። አሥር ደቂቃ ያህል ምንም አልተናገረም። ከዚያ «አባዬ፣ ይሄ ሌላ ካርድ ነው» አለኝ። ለካ ድረ ገጹ ላይ ከቁጥሩ ጋር የካርዱ ፎቶም አለ፤ እኔ ጽሑፉን ብቻ አይቼ ነው የዘጋሁት። ፎቶው ላይ ያለው ካርድ በግራ በኩል ቢጫው ጠርዝ ጠበብ ያለ ነው፣ በቀኝ ሰፋ ይላል። የእኛው ግራና ቀኙ እኩል ነው። ሥዕሉ ላይ የሚያብረቀርቁት ኮከቦችም ቦታቸው አይገጥምም። ሻጩን ጻፍኩለት፣ ወዲያው ብሎክ አደረገኝ። ባንክ ደወልኩ፤ «ገንዘቡን ራስዎ ነዎት የላኩት» አሉኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አሁን ማድረግ የምችለው አለ ወይ? ሌላ ወላጅስ እንዲህ እንዳይሆን ከመግዛቱ በፊት ምን ማየት አለበት?

---

ስላብ ሰብሳቢ (ቨርጂኒያ)

የናቲ አባት፣ በጣም አዝናለሁ። ልጅህን ግን አደንቃለሁ፤ ብዙ ትልቅ ሰው የማያየውን ነው ያየው።

ካርድ ስገዛና ስሸጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። አንተ የተሳሳትክበት ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ሰርት ቁጥሩ የሚነግርህ አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ካርድ አንድ ቀን ፒኤስኤ እጅ ገብቶ 8 ተሰጥቶታል። አንተ የያዝከው ካርድ ያው ካርድ ስለመሆኑ ምንም አይልህም። አጭበርባሪው ጨረታ ላይ የወጣ የእውነተኛ ካርድ ፎቶ ያያል፣ ቁጥሩን ይገለብጣል፣ ሌብሉን (ስላቡ ውስጥ ያለውን የስምና የግሬድ ወረቀት) ያትማል፣ ከዚያ ሐሰተኛ ካርድ በሐሰተኛ ስላብ አሽጎ ይሸጥልሃል። ቁጥሩን ስታስገባ ትክክለኛ መረጃ ይመጣል፣ ቁጥሩማ ትክክለኛ ነው፣ የሌላ ሰው ካርድ ቁጥር ነው እንጂ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግሬድ የተደረጉ ብዙ ካርዶች ፎቷቸው ከቁጥሩ ጋር አለ። ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። ሻጩ የላከልህን ፎቶና የድርጅቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋቸው። ጠርዙን ለካ። ሥዕሉ መሃል ላይ ነው ወይስ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል? ትንሽ ነጭ ነጥብ፣ ጭረት፣ የቀለም ጉድለት ካለ በሁለቱም ላይ አንድ ቦታ መገኘት አለበት። የቆየ ሰርት ሆኖ ፎቶ ከሌለው ቁጥሩን ጎግል ላይ ፈልገው፤ ከዚህ በፊት የተሸጠበት ፎቶ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ያው ቁጥር በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ጋ ለሽያጭ ቀርቦ ካገኘኸው ደግሞ ወሬውን እዚያው አቁም።

ሁለተኛው ዓይነት ማጭበርበር እውነተኛ ስላብ ከፍቶ ካርዱን መቀየር ነው። ስላቡ በፋብሪካ ሲታሸግ ሁለቱ ፕላስቲኮች እርስ በርስ ቀልጠው ነው የሚጣበቁት። ሰው ከፍቶ በሙጫ ከዘጋው ጎንና ጎኑ ላይ ደመና የመሰለ ነጭ ምልክት ይቀራል፣ ወይም ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ጥፍርህን በጠርዙ ዙሪያ አስኪደው፣ የሚያደናቅፍህ ቦታ ካለ ተጠራጠር። ቤትህ አንድ እውነተኛ ስላብ ይኑርህ፣ የርካሽ ካርድም ቢሆን። ሌብሉን፣ የፊደሉን ውፍረት፣ የፕላስቲኩን ጥራት ከእሱ ጋር ታስተያያለህ።

ሦስተኛው ካርዱ እውነተኛ ሆኖ ግሬዱ ሲዋሽ ነው። በ2024 ማንሃተን ያለው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሁለት የዋሺንግተን ስቴት ሰዎችን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ የስፖርትና የፖኪሞን ካርድ ማጭበርበር ከሷል። ክሱ ካርዶቹን የሌላቸውን ግሬድ አላቸው እያሉ ሸጡ የሚል ነው። በ8 እና በ10 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰማይና ምድር ስለሆነ አንዲት ቁጥር መለወጥ ያዋጣቸዋል።

---

ሰብለ (አትላንታ)

እኔ ስለ ካርዱ አላውቅም፣ ስለ ገንዘቡ ግን ልናገር። የምሠራው ባንክ ነው፣ ስልክ ላይ የማጭበርበር አቤቱታ እቀበላለሁ። እንዲህ ያለ ስልክ በየቀኑ ይመጣል፤ አንዳንዱ በአማርኛ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ።

ዜል ለዕቃ መግዣ አልተሠራም። ለምታውቁት ሰው ገንዘብ መላኪያ ነው፣ ራሳቸውም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሌላ ሰው አካውንታችሁን ሰርቆ ከላከ አንድ ነገር ነው፤ ራሳችሁ ተስማምታችሁ ልካችሁ ዕቃው ሐሰተኛ ቢሆን ግን የገዢ ዋስትና የለውም። ፔይፓል ላይ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። «ለወዳጅና ለቤተሰብ» ብላችሁ ከላካችሁ ከዜል አይሻልም። «ለዕቃና ለአገልግሎት» ብላችሁ ከከፈላችሁ ግን እስከ 180 ቀን ድረስ መከራከር ትችላላችሁ። ሻጩ 3 በመቶ ገደማ ስለሚቆረጥበት «በወዳጅ ላክልኝ፣ እቀንስልሃለሁ» ይላችኋል። ኮሚሽኑን እኔ እከፍላለሁ በሉት! በ900 ዶላር ላይ 30 ዶላር እንኳ አይሞላም። ያንንም እምቢ ካለ ሰውየውን አወቃችሁት ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ፣ የናቲ አባት። ዜል ስትልክ የተቀባዩ ስም ያሳይሃል። ከሻጩ ስም ጋር አንድ ነበር?

---

የናቲ አባት

እህቴ፣ አንድ አልነበረም። የሴት ስም ነው፣ የአበሻም አይደለም። ጠየቅሁት፣ «የባለቤቴ አካውንት ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት።

---

ሰብለ (አትላንታ)

እዚያ ጋ ነበር መቆም። ለአንባቢም ለሁሉም እላለሁ፤ ስም ካልገጠመ ገንዘብ አይላክም። የባለቤቴ፣ የወንድሜ፣ የአጎቴ አካውንት የሚባል ነገር የለም።

አሁንም ግን ተስፋ አትቁረጥ። ባንኩ በስልክ እምቢ ቢልህም አቤቱታህን በጽሑፍ አስገባ፣ የጻፋችኋቸውን መልእክቶች ሁሉ ፎቶ አንስተህ አያይዝ፣ ብሎክ ቢያደርግህም ያንተ ስልክ ላይ ይኖራሉ። የፖሊስ ሪፖርት አውጣ። የኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል መቀበያ ድረ ገጽ ላይ አስገባ። ዕቃው በፖስታ ቤት ስለመጣ የፖስታ መርማሪዎችም ይመለከታቸዋል። ፓኬቱን እንዳትጥለው፤ የተላከበት አድራሻ ማስረጃ ነው።

---

ደጉ ሰው

ይቅርታ አድርጉልኝና ለወረቀት 900 ዶላር? ለልጅ? ያ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ሰው ያስተምራል።

---

የናቲ አባት

ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ። እኔም መጀመሪያ እንዳንተ ነበርኩ። ግን ልጁ ገንዘቡን ለፍቶ ያገኘው ነው። ይህን ካርድ ለመግዛት ሁለት ዓመት ሌላ ነገር አልገዛም፤ ጓደኞቹ ጫማ ሲቀያይሩ እሱ ብሩን ይቆጥር ነበር። ያጣው ወረቀቱን ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ።

---

ኪሩ23 (ዳላስ)

ጋሼ፣ አይዞዎት። እኔ የቅርጫት ኳስ ካርድ ነው የምሰበስበው። ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ነገር ሊደርስብኝ ነበር።

የ1986ቱን የማይክል ጆርዳን ካርድ፣ ፍሊር የሚባል ድርጅት ያተመውን፣ ቁጥር 57፣ ታውቁታላችሁ መቼም። በ2021 መጀመሪያ ፒኤስኤ 10 የሆነው በ738 ሺህ ዶላር ተሽጧል። ያን የመሰለ ዋጋ ስላለው በሐሰት ከሚታተሙት ካርዶች ሁሉ ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ ነው። እኔ ዝቅ ያለ ግሬድ የተሰጠው ነበር የፈለግሁት። ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። ወረቀት ላይ ስሜን፣ የዛሬን ቀንና «ብርቱካን» የሚል ቃል በእጅህ ጻፍና ከስላቡ አጠገብ አድርገህ ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላከ። ጽሑፉ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ሁሉም አለ። ግን ስላቡ ጠረጴዛው ላይ በቀኝ በኩል ጥላ ጥሏል፤ ወረቀቱ ጭራሽ ጥላ የለውም። በኮምፒውተር የተለጠፈ ነበር። እሺ፣ አሁን በቪዲዮ ደውልልኝና መብራት ስር ግራ ቀኝ አዘንብለህ አሳየኝ ስለው ጠፋ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ፎቶ አይበቃም። ቪዲዮ ይጠይቁ፣ በቀጥታ። ካርዱ እጁ ላይ ያለ ሰው ሁለት ደቂቃ አይከብደውም።

---

የአብ ልጅ

ለምን ስሙን አታወጣውም? ስምና ፎቶውን እዚህ ለጥፈው፣ ሁላችንም እንወቀው። አበሻ ሆኖ አበሻን ሲያታልል ዝም ማለት አይገባም።

---

ስላብ ሰብሳቢ (ቨርጂኒያ)

ተረጋጋ ወንድሜ። ንዴቱ ይገባኛል፣ ግን ፌስቡክ ላይ ያለው ስም የሌባው ስም መሆኑን በምን አወቅህ? የተጠለፈ አካውንት ሊሆን ይችላል። የንጹሕ ሰው ፎቶ ለጥፈን ብንገኝስ? ማስረጃው ለፖሊስ ይሂድ።

---

መክሊት (ፍራንክፈርት)

እኛ አውሮፓ ያለነው ካርድማርኬት የሚባል የበርሊን ድርጅት አለን፣ ብዙ ሰው እዚያ ነው የሚገዛው። ከማታውቁት ሻጭ ውድ ነገር ስትገዙ ገንዘቡ ድርጅቱ ጋ ይቆያል፣ ዕቃው መድረሱን ስታረጋግጡ ነው ለሻጩ የሚለቀቀው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። እቁብ ሲደርሳችሁ ገንዘቡን ከመውሰዳችሁ በፊት ዋስ አምጡ ትባሉ የለም? የአክስቴ ልጅ እንኳ ዋስ ጠርታ ነው የወሰደችው፣ ሁላችንም እናውቃታለን። ታዲያ በሕይወታችን አይተነው ለማናውቀው ሰው ለምን ያለ ዋስ እንልካለን?

አንድ ነገር ልጨምር። መሃል ሆኖ ገንዘቡን የሚይዝ ሰው ሻጩ «እኔ የማውቀው አለ» ብሎ ካመጣላችሁ አትቀበሉ። ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

---

የሁለት ልጆች እናት

ልጆቼ እንደዚሁ ናቸው፣ ተጨንቄ ነው ያነበብኩት። ባዶ ሳጥን የደረሳት ጓደኛ አለችኝ። ይህንንስ በምን እንከላከል? በአካል ተገናኝቶ መግዛትስ አይሻልም?

---

ስላብ ሰብሳቢ (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ፓኬቱን ከመክፈትሽ በፊት ስልክሽን ቪዲዮ ላይ አድርጊው። አድራሻው የተለጠፈበትን፣ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን፣ ከዚያ ሲከፈት፣ ካርዱ ሲወጣና ሰርት ቁጥሩ ሲታይ፣ ሳትቆርጪ በአንድ ቪዲዮ። ክርክር ቢመጣ ትልቅ ማስረጃ ነው። ከባዶ ሳጥን የባሰም አለ። በዚያው ዚፕ ኮድ ወዳለ ሌላ ቤት የማይረባ ፖስታ ይልኩና መከታተያ ቁጥሩ «ደርሷል» ይላል። አንቺ ዘንድ ምንም አልደረሰም፣ ወረቀቱ ላይ ግን ደርሷል። እንዲህ ከሆነ በዚያው ቀን ሰፈርሽ ያለው ፖስታ ቤት ሄደሽ የትኛው አድራሻ እንደደረሰ ጠይቂ። ዕቃሽ ወደሌላ አድራሻ መሄዱን ካረጋገጡልሽ በጽሑፍ ይስጡሽ።

በአካል መገናኘት ይሻላል፣ አዎ። ግን የሰው ቤት አትሂጂ፣ ቤትሽም አትጥሪው። ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ለእንዲህ ያለ ግብይት የተመደበ፣ ካሜራ ያለው የመኪና ማቆሚያ አላቸው። የካርድ ሱቅ ውስጥም መገናኘት ይቻላል፤ ባለሱቁ ዓይን ይጨምርልሻል። ከሁሉም ኢቤይ ላይ ለውድ ካርዶች ያለውን የማረጋገጫ አገልግሎት እወደዋለሁ፤ ካርዱ መጀመሪያ መርማሪዎች ጋ ሄዶ ነው ወደ ገዢው የሚያልፈው።

ደግሞ ግሬድ አድራጊ ድርጅቶቹንም እንደ ታቦት አንያቸው። ፒኤስኤ በ1991 መጀመሪያ ግሬድ ያደረገው ካርድ የሆነስ ዋግነር የሚባል የድሮ ቤዝቦል ተጫዋች ካርድ ነው። 8 ሰጡት። ካርዱን ቀደም ብሎ የሸጠው ነጋዴ በ2013 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጠርዙን ቆርጬው ነበር ብሎ አመነ። በቅርቡ ደግሞ፣ በ2025 መጀመሪያ፣ የፖኪሞን የሙከራ ካርዶች ተብለው በሲጂሲ (እንደ ፒኤስኤ ያለ ሌላ ግሬድ አድራጊ) የታሸጉ፣ የ1996 ናቸው የተባሉ ካርዶች ነበሩ። ሰብሳቢዎች ፎቷቸውን አጉልተው ሲመረምሩ ቢጫ ደቃቅ ነጥቦች አገኙ። ብዙ የቀለም ሌዘር ማተሚያ ማሽኖች የታተመበትን ቀን በእነዚህ ነጥቦች ይተዋሉ። ነጥቦቹ 2024 አሉ! ያወቀው ድርጅቱ አይደለም፣ በየቤታቸው ተቀምጠው በትዕግሥት የተመለከቱ ሰዎች ናቸው። እንደ ናቲ ያሉ።

---

የናቲ አባት

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፣ ይቅርታ።

መጀመሪያ ስሙን አለማውጣታችን ትልቅ ነገር ነበር። ቤተ ክርስቲያን የማውቀው አንድ ወንድም የሰውየውን ፎቶ ሲያይ «ይሄማ የሰፈሬ ልጅ ነው» አለኝ። በስልክ አገናኘን። ሰውየው የፌስቡክ አካውንቱ ከተጠለፈ ወራት ሆኖታል፣ ፖኪሞን ምን እንደሆነ አያውቅም። ከልጆቹ ጋር የተነሳው ፎቶ የራሱ ነው፣ ያ ሁሉ አማርኛ ግን የእሱ አልነበረም። ደንግጦ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲል እኔ አፈርኩ። የአብ ልጅ፣ ለጥፌው ቢሆን ምን እንሆን ነበር?

ሰብለ እንዳለችው አቤቱታውን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፣ ለፖሊስም ለኤፍቢአይም እንዲሁ። እስካሁን መልስ የለም። ናቲን ግን 600 ዶላሩን ሰጠሁት። በአበሻነት አምኜ የላክሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ቻንቲሊ፣ ደለስ ኤክስፖ ሴንተር የካርድ ሾው ነበር። ስላብ ሰብሳቢ እዚያ አገኘንና ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አብሮን ዞረ፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ለናቲ እንደ ወርቅ ሠሪ ዓይን ላይ የሚደረግ ማጉያ መነጽር ሰጠው። ጥቁሩን ጽሑፍ እንዴት እንደሚያይ አሳየው፤ በእውነተኛው ካርድ ላይ ድፍን ጥቁር ነው፣ በሐሰተኛው ብዙ ጊዜ በቀለም ነጠብጣብ የተሠራ ነው። ናቲ ሁለት ቻሪዛርድ ላይ ቆመ። የመጀመሪያውን ቁጥር ስልኩ ላይ አስገባ፣ ፎቶ የለውም። መለሰው። ነጋዴው ትንሽ ቅር አለው መሰለኝ፣ ግን ናቲ ቀና ብሎ «አመሰግናለሁ ጌታዬ» ብሎት አለፈ። ሁለተኛው ግሬድ 6 ነው። ፎቶው ይከፈታል። ስልኩን ከስላቡ አጠገብ አድርጎ ከላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ያለችውን ነጭ ፍቅፋቂ በጣቱ አሳየኝ። ፎቶው ላይም አለች፣ እዚያው ቦታ። የጎኑን ፕላስቲክ በጥፍሩ ዞረበት። ከዚያ ነጋዴውን ደረሰኝ ይሰጡኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። ገንዘቡን እጅ በእጅ ራሱ ቆጥሮ ሰጠ።

---

ኪሩ23 (ዳላስ)

ደረሰኝ መጠየቁ! ጋሼ፣ ይህ ልጅ ከእኔ ይበልጣል። የነጭ ፍቅፋቂዋን ፎቶ ይለጥፉልን እባክዎ።

---

የሁለት ልጆች እናት

የሚቀጥለው ሾው መቼ ነው? የእኔም ልጆች ይምጡ።

---

የናቲ አባት

ቀኑ ሲወጣ እዚሁ እጽፋለሁ እህቴ። ናቲ ማጉያ መነጽሩን ይዞ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ ብሏል።